የበረንዳ ሴራሚክ አነጣጠፍ፦ ከውኃው መንገድ ይጀምሩ

የእናቴ በረንዳ ሁለት ጊዜ ተነጥፏል። መጀመሪያ ሲነጠፍ ሴራሚኩን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ዓይን የሚይዝ ነበር። የሰኔ ዝናብ በጣለ ማግሥት እናቴ ረከቦቷን ይዛ ስትወጣ አዳለጣትና ወደቀች፤ የእጇ አንጓም ተሰበረ። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ በጠርዙ በኩል ያሉት ሴራሚኮች ሲረገጡ ባዶ ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። በመጋጠሚያዎቻቸው ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ወጣ። ጥቅምት ሲገባ ሦስቱ ያለ መሮ፣ በእጅ ብቻ ተነሡ። ከሥር ያየሁትን አልረሳውም፦ አምስት የማልታ (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውኃ ድብልቅ) ጉብታዎች፣ አራቱ በአራቱ ማዕዘን፣ አንዱ መሃል ላይ፣ የቀረው ሁሉ ባዶ። በዚያ ባዶ ውስጥ የነሐሴ ውኃ እስከ ጥቅምት ተኝቶ ነበር።

በረንዳው እንደገና ሲነጠፍ ከአንድ አረጋዊ የንጣፍ ባለሙያ ጎን ተንበርክኬ ሠራሁ። «ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?» ስላቸው ሴራሚኩን ዘወር ብለውም አላዩትም። «ውኃ አምጣና ወለሉ ላይ አፍስስልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ባልዲውን ካነሣሁበት ሰዓት ጀምሮ የበረንዳ ንጣፍ ማለት ለውኃ መንገድ ማበጀት እንደሆነ አምኛለሁ። ሳሎን ውስጥ ይቅር የሚባል ስሕተት በረንዳ ላይ አንድ ክረምት አያድርም። ከታች ያለው የሥራ ቅደም ተከተል 2 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ በመሬት ላይ ያረፈ በረንዳን እንደ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል።

ወቅቱና ሰዓቱ

ለዚህ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይጨርሱ። ክረምት ላይ በሸራ ተከልሎ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሥር ያለው ኮንክሪት ውኃ ጠጥቶ ስለሚቆይ እኔ አልመክርም። በበጋ ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ይፋጃል፤ የተቀባው ማጣበቂያ ሴራሚኩ ሳያርፍበት ፊቱ ይደርቃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀትር በኋላ ጥላ ሲመለስ ይሥሩ። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ የዕለቱን ሥራ ማታ ማታ በሸራ ወይም በጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል።

ሴራሚኩን ሲመርጡ

ለግድግዳ የተሠራ ሴራሚክ በረንዳ ላይ አይውልም። የግድግዳው ዓይነት ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላል፤ ፖርስሊን የሚባለው ግን ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ሱቅ ውስጥ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልተቻለ ሴራሚኩን ገልብጠው በጀርባው ላይ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡ። ወዲያው ከመጠጠውና ጠቁሮ ከቀረ ይተዉት። ጠብታው ሳይሰርግ ላዩ ላይ ከቆየ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ፊቱን ያርጥቡና በጫማዎ ሶል ገፋ ያድርጉት። እኔ ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አድርጌ ቢሆን ኖሮ የእናቴ እጅ ባልተሰበረ። ማንሸራተትን የመከላከል ደረጃው ማሸጊያው ላይ ከአር9 (R9) እስከ አር13 (R13) ባለው ምልክት ይገለጻል፤ ዝናብ ለሚመታው በረንዳ አር11 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ፊቱ ሻካራ የሆነ፣ የድንጋይ መልክ ያለው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁሩ ፀሐይ ይሰበስባል፤ ሲሞቅና ሲበርድ የሚለጠጠውና የሚኮማተረው መጠንም ይበልጣል።

ለ10 ካሬ ሜትር፣ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ሴራሚክ 63 ያህል ያስፈልጋል። ለመቁረጫና ለስብራት 10 በመቶ ጨምረው 70 ይግዙ፤ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑንም ሳያዩ ከሱቁ አይውጡ። ቁጥሩ ከተለያየ የቀለም ልዩነቱ የሚታየው ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ከሥር ያለውን መመርመር

የበረንዳው ኮንክሪት አዲስ ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። አሮጌ ከሆነ በመዶሻ እየመቱ ዙሩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሁሉ ነቅለው ያውጡ። የሲሚንቶ ሊሾ ከሆነ ልስላሴው ራሱ ችግር ነው፤ ማልታ አይዝም። በመሮና በመዶሻ ፊቱን በሙሉ ማቁሰል፣ ከዚያም በብሩሽ ጠርጎ በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ዘይት፣ ቀለም ወይም ሰም ያለበት ቦታ እስከ ንጹሑ ኮንክሪት ድረስ ይፋቅ።

ስንጥቅ ካለ ጉዳዩን በጥንቃቄ ይዩት። በአዲስ አበባ በተለይ በቦሌ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በረንዳን የሚያክል ቀላል ኮንክሪት ደግሞ በቀላሉ ያነሣል፣ ይጥላልም። ስንጥቁ ያበቃበትን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። በስንጥቁ ላይ ቀጭን የጀሶ ልጥፍ ያድርጉና ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው ይጠብቁ። ጀሶው ከተሰበረ ወለሉ እየተንቀሳቀሰ ነው። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ማንጠፍ ገንዘብ መጣል ስለሆነ ኮንክሪቱን አፍርሶ፣ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ፣ በገረንቲ (ውኃ ሲነካው በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ እንደገና መሥራት ይቀድማል። ወጪው ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ማንጠፍ ግን ከዚያ ይከብዳል።

በረንዳው ከሥሩ ክፍል ያለው ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ከሆነ ሴራሚክ ውኃ ይከለክላል ብለው እንዳይተማመኑ። ከንጣፉ በፊት ውኃ መከላከያ ቅብ በሁለት ዙር፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ፣ ግድግዳውንም 10 ሴንቲሜትር ያህል ሽቅብ ይዞ መቀባት አለበት።

ተዳፋቱ

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ውኃ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ግቢው እንዲወርድ በአንድ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል። በረንዳችን ከግድግዳ እስከ ጠርዝ 2 ሜትር ስለሆነ በ1.5 ስናሰላው በግድግዳው በኩል ያለው ከፍታ ከጠርዙ 3 ሴንቲሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ዓይን አይለየውም፤ ወንበርም አያዘነብልም፤ ውኃው ግን ያውቀዋል።

መጀመሪያ የበሩን ደፍ ይለኩ። የተዳፋቱ ማልታ በጠርዙ በኩል ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው በግድግዳው በኩል 6 ይሆናል። ማጣበቂያውና ሴራሚኩ 1.5 ገደማ ይጨምራሉ፤ በአጠቃላይ 7.5 ሴንቲሜትር። ይህ ሁሉ ከተነጠፈ በኋላ የበረንዳው ፊት ከሳሎኑ ወለል ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ካልበቃ ከአሁኑ ኮንክሪቱን መጥረብ እንጂ ተዳፋቱን መቀነስ መፍትሔ አይደለም። ነፋስ የሚነዳው የነሐሴ ዝናብ ደፉን ተሻግሮ ሳሎን ሲገባ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ማደር ይመጣል።

ከዚያ በውኃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዘው በግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቱም ላይ ሲባጎ ይወጥሩ። በጠርዙ በኩል ከዚያ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ሌላ ሲባጎ ይወጥሩ። በሁለቱ መካከል በየ1.5 ሜትሩ ከግድግዳ ወደ ጠርዝ የሚወርዱ የማልታ መስመሮችን ይሥሩና ጥቂት ጠንከር እስኪሉ ይጠብቁ፤ መሪዎችዎ እነሱ ናቸው።

ዋናውን ማልታ ከማፍሰስዎ በፊት የቆሰለውን ኮንክሪት ያርጥቡት፤ ውኃ ግን አይተኛበት። ቦያካ የሚባለውን ቀጭን የሲሚንቶና የውኃ ድብልቅ በመጥረጊያ ይቀቡና ሳይደርቅ ማልታውን ያፍስሱበት። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው፤ ለ10 ካሬ ሜትር 50 ኪሎ የሚይዝ 4 ከረጢት ሲሚንቶና ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ይበቃል። ውኃ አያብዙ። በእፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ መዳፍን የማያንጠባጥብ ይሁን። አሸዋው ጭቃ ካለው በእጅዎ ያሹት፤ መዳፍዎ ላይ ቡናማ ነገር ከቀረ እንደገና ያጥቡት። በመሪዎቹ ላይ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ እየጎተቱ ትርፉን ማልታ ይቁረጡ፤ ፊቱን አያልስልሱት፤ ማጣበቂያ የሚይዝበት ትንሽ ሻካራነት ይተዉለት።

ጋሼ ተዳፋቱን የሚለኩበት ዘዴ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። አንድ ሜትር ርዝመት ካለው ውኃ ልክ ሥር፣ በአንደኛው ጫፍ፣ 1.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በፕላስተር ይለጥፋሉ። እንጨት ያለበትን ጫፍ ወደ ጠርዙ አዙረው ሲያስቀምጡት አረፋው መሃል ላይ ከቆመ ተዳፋቱ ልክ ነው። ቁጥር ማስላት የለም፣ ክርክርም የለም።

ማልታው ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ። በስምንተኛው ቀን ጆንያውን አንሥተው አንድ ባልዲ ውኃ በግድግዳው በኩል ያፍስሱ፤ ዝም ብለውም ይመልከቱ። ውኃው ሲወርድ ጥቂት ቦታ ላይ ይዘገይ ይሆናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀረውን ኩሬ ዙሪያውን በጠመኔ ያክብቡት። እኛ በግራ ዓምዱ ሥር የሰሐን ያህል ኩሬ አገኘን። አሁን በግንበኛ ማንኪያ ማልታ ቆንጥሮ መሙላት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከንጣፍ በኋላ ግን የማይቻል ነው። ከዚህ በኋላ ማልታው ደርቆ ቀለሙ እስኪነጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይተዉት።

አነጣጠፉ

ማጣበቂያ ሳያስነኩ ሴራሚኮቹን ወለሉ ላይ ደርድረው ይዩ። ከበሩ መሃል ጀምሮ ወደ ግራና ቀኝ ቢደረደር ከሳሎን ሲወጡ ዓይን የሚያርፈው በሙሉ ሴራሚክ ላይ ይሆናል። በዳር የሚቀረው ቁራጭ ከግማሽ ሴራሚክ ካነሰ መስመሩን በግማሽ ሴራሚክ ገፋ ያድርጉት። ቀጭን ቁራጭ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። በሴራሚኮቹ መካከል 5 ሚሊሜትር የሚተው መስቀለኛ ፕላስቲክ ይጠቀሙ። ለውስጥ ክፍል 2 ሚሊሜትር ይበቃ ይሆናል፤ ውጭ ላይ ግን ፀሐይና ብርድ ስለሚፈራረቁበት አይበቃም።

በአገራችን የቆየው ልማድ ሴራሚኩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ በሲሚንቶ ማልታ መለጠፍ ነው። ውኃ ለሚጠጣው ለድሮው ሴራሚክ ይህ ትክክል ነበር፤ ደረቁ ሴራሚክ የማልታውን ውኃ መጥጦ ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያደርጋልና። ፖርስሊን ግን ውኃ አይጠጣም፤ ስለዚህ የተራ ሲሚንቶ ቅንጣት የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም፣ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ለፖርስሊን ለውጭ ወለል የተሠራ፣ ፖሊመር ያለበት ማጣበቂያ ይግዙ፤ ማሸጊያው ላይ ሲ2 (C2) የሚል ምልክት ይኖረዋል። ለ10 ካሬ ሜትር ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይወስዳል። ሴራሚኩን አይዘፍዝፉ፤ ጀርባውን ከአቧራ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት፣ ያ ይበቃዋል።

ማጣበቂያውን ማሸጊያው በሚያዝዘው የውኃ መጠን ለውሰው አምስት ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ ደግመው ያማስሉት። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሴራሚክ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ይቀቡ። 10 ሚሊሜትር ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ ሁሉንም መስመር በአንድ አቅጣጫ ያበጥሩ፤ ክብ ክብ እያደረጉ ካበጠሩት አየር ይታፈንበታል። የሴራሚኩንም ጀርባ ቀጠን አድርገው ይቀቡ። ካስቀመጡት በኋላ የተበጠሩትን መስመሮች በሚያቋርጥ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ እየገፉ ይጫኑት፤ መስመሮቹ ተኝተው ባዶው እንዲሞላ የሚያደርገው ይህ ግፊት ነው። ከዚያ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት።

አሁን ያስቀመጡትን የመጀመሪያ ሴራሚክ መልሰው ያንሡት። ያስቆጫል፤ ግን ያንሡት። ጀርባውን ሲገለብጡ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በማጣበቂያ ተሸፍኖ መታየት አለበት፤ ለውጭ ወለል የሚፈለገው ሽፋን 95 በመቶ ነው። ማጣበቂያ ያልነካው ባዶ ቦታ ካዩ ማንኪያዎን ከልክ በላይ አዘንብለው እየጎተቱ ነው ወይም ማጣበቂያው ፊቱ ደርቋል። በጣትዎ ይንኩት፤ ጣትዎን ካልያዘ ፍቀው ይጣሉና አዲስ ይቀቡ። ውኃ ጨምሮ ማለሳለስ የለም። በየአሥሩ ሴራሚክ አንድ እያነሡ እንደገና ይዩ።

ከሩቁ ጥግ ጀምረው ወደ መውጫዎ ይምጡ። እንጨት የተለጠፈበትን ውኃ ልክ በየረድፉ ያስቀምጡ። የዓምዱ ዙሪያ በግራይንደር ሲቆረጥ መነጽር ያድርጉ፤ ዲስኩም ለፖርስሊን የሚሆን የአልማዝ ይሁን። ጠርዝ ላይ ያለው ሴራሚክ ከኮንክሪቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ ቢል ውኃው የኮንክሪቱን ጎን እየላሰ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ተነጥፎ ሲያልቅ ለ24 ሰዓት ማንም አይርገጠው፤ ልጆችና ዶሮዎች ያሉበት ግቢ ከሆነ በሲባጎ ይከልሉት።

የማይሞላው መስመር

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ፣ ከዓምዶችና ከበሩ ደፍ ጋር ሲገናኝ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው፤ ርዝመቱም ከ3 ሜትር ከበለጠ መሃል ላይ አንድ ተመሳሳይ መስመር ያስፈልጋል። በ5 ሜትር በረንዳ ላይ በ2.5 ሜትር አካባቢ ካለው መጋጠሚያ አንዱን ይምረጡ። ኮንክሪቱ ራሱ መጋጠሚያ ካለው ደግሞ መስመሩ በትክክል በእሱ ላይ ይረፍ። በእነዚህ ክፍተቶች ግራውት (በሴራሚኮች መካከል ያለው መጋጠሚያ የሚሞላበት ድብልቅ) አይግባ። የስፖንጅ ገመድ ሸጎጥ ተደርጎ በላዩ ለውጭ የሚሆን ሲሊኮን ይሞላል። በረንዳው በፀሐይ ሲለጠጥ ቦታ ካጣ መሃሉ እንደ ድንኳን ይነሣል። የእናቴ በረንዳ መጀመሪያ ሲነጠፍ ሴራሚኩ ግድግዳው ድረስ ተጠግቶ በሲሚንቶ ተደፍኖ ነበር። ዞኮሎውም (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚለጠፈው የሴራሚክ ቁራጭ) ቢሆን በግድግዳው ላይ ይለጠፍ እንጂ ወለሉን አይንካ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት በሲሊኮን ይዘጋል።

ግራውት

ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ መጋጠሚያውን ከማጣበቂያ ትርፍራፊ አጽድተው ግራውቱን ይሙሉ። ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን በጥብጦ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ውጭ ላይ ግን በአጭር ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይታጠባልም። ለሰፊ መጋጠሚያ የተሠራ ግራውት ይግዙ፤ ከነጭ ይልቅ ግራጫ ቢሆን የግቢ አፈር አያሳጣውም። በጎማ መግፊያ ሴራሚኩን በሰያፍ አቋርጠው ይጫኑት፤ መስመሩን ተከትለው ከገፉ መልሶ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ይጥረጉ። ስፖንጁ ውኃ ካዘለ ቀለሙ ይንቦጫረቃል። የቀረውን ጭጋግ በማግሥቱ በደረቅ ጨርቅ ያብሱ። አሲድ አይንካው፤ ነጩን ቅሪት ሲያነሣ ግራውቱንም አብሮ ይበላዋል።

ከባድ የአበባ ማሰሮና የብረት ወንበር ከ7 ቀን በፊት አይውጣበት። በሳምንቱ በአንድ ብር ሳንቲም ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ እየመቱ ያዳምጡ፤ ድፍኑና ባዶው ድምፅ ለማንም ይለያል። ባዶ የሚለው አንድ ሁለት ካለ ግራውቱን ፍቆ፣ ነቅሎ ወዲያው መተካት ነው።

ቡና ሲፈላ የከሰል ማንደጃውን በቀጥታ ሴራሚኩ ላይ አያስቀምጡ። አንድ ቦታ ብቻ ሲግል ቀዝቃዛው ዙሪያው ስለማይከተለው ሊሰነጠቅ ይችላል። እናቴ አሁን ከማንደጃዋ ሥር የጣውላ ቁራጭ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ምጣድ ታደርጋለች። ቄጤማ የምትጎዘጉዘውም በውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ እርጥብ ቄጤማ አር11 በሆነው ሴራሚክ ላይ እንኳ ያንሸራትታልና። የተረፉትን ስድስት ሴራሚኮች ከነካርቶናቸው፣ የምርት ቁጥሩ ሳይቀደድ፣ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጠናቸዋል።